ጅማ ውስጥ ታቱ ያሰራሁበት ቤት፣ ከዋጋው በፊት ስለ መርፌው ላውራችሁ

ይሄን የምጽፈው ላለፉት አምስት ሳምንታት ክንዴን ያየ ሰው ሁሉ "የት ነው ያሰራኸው? ስንት አስከፈለህ?" እያለ ስለጠየቀኝ ነው። እሺ፣ እዚሁ ጅማ ነው፣ ሂርማታ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል፣ ታፔላ የላትም፣ ሰው በሰው ነው የሚኬደው፣ 4500 ብር ከፈልኩ። ግን እስካሁን አንድም ሰው "መርፌውን ፊትህ ነው የከፈተው?" ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ከሶስት አመት በፊት አልጠየቅኩም ነበር፣ እና ከዛ የደረሰብኝን ሳልነግራችሁ ይሄኛውን ቤት ባደንቅላችሁ ለምን እንደማደንቀው አይገባችሁም። ስለዚህ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የመጀመሪያውን ቤት ስም አልጠራም፣ አሁን ተዘግቷል። አባቴ ባረፈ በአመቱ ነው የሄድኩት፣ የእጄ አንጓ ላይ ስሙን ላጻፍ ብዬ። 600 ብር ነው ያለኝ፣ ርካሽ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ገብቼ ስቀመጥ መርፌው ማሽኑ ላይ ተሰክቶ ነው የጠበቀኝ፣ ቀለሙም ትንሽዬ ክዳን ውስጥ ግማሽ ሆኖ ተቀምጧል። ልጁ ጓንት አድርጓል፣ እሱን አይቼ ልቤ አረፈ። መሃል ላይ ስልኩ ጮኸ፣ በዛው ደም በነካው ጓንት አነሳው፣ አወራ አወራና ኪሱ ከተተው፣ ተመልሶ ቆዳዬን ወጠር አድርጎ ቀጠለ። "መርፌው አዲስ ነው አይደል?" አልኩት። "አዎ ብሮ፣ ምን ያስጨንቅሃል፣ በአልኮል አጽድቼዋለሁ" አለኝ። አዲስ የሆነ መርፌ በአልኮል ለምን ይጸዳል? ይቺ ጥያቄ የመጣችልኝ ከሳምንት በኋላ ማታ አልጋ ላይ ተኝቼ ነው።

በሶስተኛው ቀን እጄ አበጠ። ቆዳዬ ጠቆር ስለሚል ቅላት ምናምን አይታይም፣ ግን በሌላኛው እጄ ስነካው ይፋጃል፣ ሸሚዝ ሲነካው ያቃጥለኛል። በአምስተኛው ቀን መግል ያዘ፣ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ያኔ ነው እህቴ ጋ የደወልኩት። እህቴ አጋሮ ነርስ ናት። "እታለም፣ እጄ አመረቀዘ" ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እብጠቱ አይደለም።

"መርፌውን ከማሸጊያው ሲያወጣ በአይንህ አይተሃል?"
"አላየሁም።"
"አንተ ልጅ... መቼ ነው የተነቀስከው?"
"አምስት ቀኔ።"

ዝም አለች። ከዛ ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ በ72 ሰአት ውስጥ ደውዬ ቢሆን ሀኪም አይቶኝ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድሃኒት ልጀምር ወይስ አልጀምር የሚለውን ይወስን ነበር፣ አሁን ሰአቱ አልፏል። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ፣ እብጠቱ በሳምንቱ ለቀቀኝ። ዋናው ነገር ግን እሱ አልነበረም፣ የደም ምርመራው ነው። አንዴ ተመርምሮ ነጻ ነህ ተብሎ አያልቅም፣ ቫይረሱ ገብቶ ቢሆን እንኳን በምርመራ እስኪታይ ጊዜ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ተመርምሬ በሶስተኛው ወር ደግሜ መመርመር ነበረብኝ። ሶስት ወር ሙሉ እራቴን እየበላሁ እጄን አያለሁ። የአባቴን ስም ነው የማየው በዛ ላይ። እግዚአብሔር ይመስገን ውጤቱ ነጻ ሆነ። ፊደሎቹ ግን ቁስሉ ሲድን ተጨፈላለቁ፣ "ወ" ትሁን "መ" የማትለይ ሆነች።

እህቴ ያኔ የነገረችኝን ዛሬም አልረሳሁትም። እኛ ሁላችን የምንፈራው ኤች አይ ቪን ነው፣ እሱ መፈራቱ ጥሩ ነው፣ ግን በመርፌ በኩል በጣም ቀላል ሆኖ የሚሻገረው ሄፓታይተስ ቢ ነው፣ የወፍ በሽታ የምንለው። የጤና ባለሙያ የታማሚ ደም የነካው መርፌ ድንገት ሲወጋው ኤች አይ ቪ የመያዝ እድሉ ከ1000 ሰው 3 ገደማ ነው፣ ሄፓታይተስ ሲ ቢበዛ ከ100 ወደ 2 ነው፣ ሄፓታይተስ ቢ ግን ያልተከተበ ሰው ከሆነ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። እና ደሞ ይሄ ቫይረስ ከሰውነት ወጥቶ የደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ማለትም ሰኞ እለት አንድ ሰው የተነቀሰበት መርፌ ወይ የተነካ ጠርሙስ ቅዳሜ ላይ አንተን ሊያሲዝህ ይችላል፣ ደሙ ለአይን ባይታይም። እኛ ሀገር ደሞ ቫይረሱን የተሸከመው ሰው ጥቂት አይደለም፣ የተሰበሰቡ ጥናቶች ከ100 ሰው 7 አካባቢ ነው የሚሉት፣ ብዙው መያዙንም አያውቅም፣ ምክንያቱም ለአመታት ምንም ሳያሳይ ጉበት ላይ ይቀመጣል።

ሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለው እኮ! ይሄን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ህጻናት በስድስት፣ በአስርና በአስራ አራት ሳምንታቸው የሚወጉት ውስጥ አለበት፣ እኛ ሀገር ግን ህጻናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም ነው። ከዛ በፊት የተወለድን በሙሉ በልጅነታችን አላገኘነውም፣ ታቱ የሚነቀሰው ደሞ በአብዛኛው የኛ እድሜ ነው። እህቴ ምርመራው ነጻ ሲሆን ወዲያው አስጀመረችኝ፣ ሶስት መርፌ ነው፣ መጀመሪያው፣ ከወር በኋላ፣ ከዛ በስድስተኛው ወር። ሁለተኛውን ታቱ ያሰብኩት ሶስቱንም ጨርሼ ነው። ታቱ ልትነቀሱ ብር እየቆጠባችሁ ከሆነ በመጀመሪያ ተመርምራችሁ ይሄን ክትባት ውሰዱ፣ ከልቤ ነው የምለምናችሁ።

እሺ ወደ ቤቱ ልመለስ።

አላማዬ ያቺን የተበላሸች ጽሁፍ መሸፈን ነበር፣ ከቨር አፕ የሚሉት። አባቴ ሰቃ በኩል ትንሽ የቡና መሬት ነበረችው፣ ስለዚህ ስሙ ባለበት ቦታ ላይ የቡና ቅርንጫፍ ከነፍሬው እንዲሆንልኝ ፈለግኩ። አንድ ጓደኛዬ ይሄን ልጅ ጠቆመኝ፣ ስልክ ደወልኩ፣ "ስራው ሌላ ቀን ነው፣ መጀመሪያ ናና እንየው" አለኝ። ይሄ ራሱ ለኔ አዲስ ነገር ነበር።

ስሄድ አልነቀሰኝም፣ ጠየቀኝ። ስኳር አለብህ? ደም የሚያቀጥን መድሃኒት ትወስዳለህ? አለርጂ? ቤተሰብ ውስጥ ቁስል ሲድን አብጦ የሚቀር ሰው አለ? እዚች ላይ ቆም አልኩ፣ እማዬ ጆሮዋን የተበሳችበት ቦታ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል እብጠት አለቻት። ስነግረው የድሮዋን ጽሁፍ በጣቱ ዳበስ ዳበስ አድርጎ በስልኩ መብራት ከጎን አያት። "ይሄ ኬሎይድ ይባላል፣ በዘር ይሄዳል፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። ያንተ ጠባሳ ከፍ አላለም፣ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ዋስትና ልሰጥህ አልችልም፣ ቤት ሂድና አስብበት" አለኝ። ደንበኛ ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ ነው የነገረኝ። ከዛ "ጫት ትቅማለህ?" አለኝ። አልፎ አልፎ አልኩት። "የመጣህ ቀን እንዳትቅም፣ መጠጥም ከማታ ጀምሮ ተው፣ ቁርስ ደሞ በደንብ ብላ" አለ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሳይበላ ይመጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ሲወጋ ደሞ ድንገት ያዞረዋል፣ ዋናው ደሞ በምርቃና የተወሰነ ታቱ በማግስቱ ይጸጽታል፣ ብሎ በሩ ላይ የመለሳቸው ልጆች እንዳሉ ነገረኝ። ጅማ ላይ ሆኖ ይሄን ህግ ማድረግ ገቢ ያስቀራል፣ እሱ ግን አድርጎታል።

ስለ ቀይ ቀለምም እዛው ነው የተነጋገርነው። እኔ ፍሬዎቹ ቀይ እንዲሆኑ ነበር የፈለግኩት፣ የደረሰ ቡና ቀይ ነው። እሱ ግን ከቀለም ሁሉ አለርጂ በብዛት የሚያመጣው ቀይ ነው አለኝ፣ አንዳንዴ ከወራት ከአመታት በኋላ ነው የሚያሳክከው የሚያብጠው፣ ትንሽ ነጥብ ሞክረን ብናይ እንኳን ሙሉ ማረጋገጫ አይሆንም፣ ቆዳ ውስጥ የገባ ቀለም ደሞ እንደ ቅባት ታጥቦ አይወጣም። የአውሮፓ ህብረት በ2022 እ.ኤ.አ ታቱ ቀለም ውስጥ ከ4000 በላይ ኬሚካሎችን ከልክሏል ወይም መጠናቸውን ገድቧል፣ እኛ ጋ የሚመጣው ጠርሙስ ግን የትኛው እውነተኛ የትኛው ፎርጅድ እንደሆነ በሌብሉ ብቻ መለየት ያስቸግራል። "ጥቁር ብቻ ይሁን፣ የደረሰውን ፍሬ በጥላ እለይልሃለሁ" አለ። እሺ አልኩ። አሁን ስታዩት የደረሰውና ጥሬው በደንብ ይለያል፣ ሰው ሁሉ ቀይ ይመስላል ይላል።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት 3 ሰአት ገባሁ፣ እንቁላል ፍርፍር በልቼ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ግን ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ምንጣፍ የለም፣ መጋረጃ የለም። አልጋው ላይ አዲስ ፕላስቲክ አነጠፈ። ጠረጴዛውን በበረኪና ውሃ ጠረገና ጠብቆ አደረቀው፣ ከዛ ማሽኑን፣ ገመዱን፣ የሚረጭባትን ጠርሙስ፣ መብራቱን የሚያስተካክልበትን እጀታ እንኳን ሳይቀር በስስ ፕላስቲክ ጠቀለላቸው። ለምን ጠርሙሱን አልኩት። "ደም የነካ ጓንት የሚነካው ነገር ሁሉ መጠቅለል አለበት፣ መርፌ ብቻ አይደለም የሚያስይዘው" አለኝ። የመጀመሪያው ልጅ ስልክ ትዝ አለኝ።

እጁን በሳሙና ታጠበ፣ እስከ ክርኑ። ጓንት አደረገ። ከዛ ያቺን ስጠብቃት የነበረችውን ነገር አደረገ፣ የታሸጉትን መርፌዎች አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። "አንተ አንብበው" አለኝ። ካርትሪጅ ነው የሚባለው፣ መርፌው ከነፕላስቲክ ቤቱ ለየብቻ የታሸገ፣ አንዴ ተሰክቶ የሚጣል። ጀርባው ወረቀት ነው፣ ፊቱ ፕላስቲክ፣ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል፣ ከጀርም እንዲጸዳ በጋዝ መታከሙን የምታሳይ ቀለሟ የምትቀየር ነጥብ አለች። ማሸጊያው ተቀዶ ወይ እርጥብ ሆኖ እንዳልሆነ እንዳይ ነገረኝ፣ ውሃ የነካው ወረቀት ጀርም ያሳልፋል፣ የጅማ ዝናብ ደሞ ታውቁታላችሁ፣ ጣራ ያፈሳል፣ ሳጥን ይርሳል። አንደኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ተጨማዶ ነበር፣ አሳየሁት፣ ሳይከራከር አንስቶ ጣለው። ከዛ ሌላውን ፊቴ ቀደደው። ያቺ ትርር የምትል ድምጽ... ሶስት አመት ሙሉ መስማት የነበረብኝ እሷን ነበር።

የክንዴን ጸጉር የላጨበት ምላጭ አዲስ ነው፣ ከላጨ በኋላ ጣለው። ቫዝሊኑን ከትልቁ እቃ ያወጣው በጣቱ አይደለም፣ ሀኪም ምላስ በሚጫንበት አይነት እንጨት ነው፣ እንጨቱም ተጣለ። ቀለሙን ከጠርሙሱ ወደ ትናንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ቀዳ፣ የተረፈው ወደ ጠርሙስ አይመለስም። ስለ ቀለሙ ማቅጠኛ ደሞ ጠየቅኩት፣ ምክንያቱም ለጥላው ጥቁሩን ማሳሳት አለበት። በዛ ሰሞን ሰፈሩ ላይ ውሃ ጠፍቶ ጥግ ላይ ሁለት ጀሪካን ቆሞ አይቻለሁ። "ከጀሪካኑ አይደለም አይደል?" አልኩት። ተነስቶ ከፋርማሲ የገዛትን የመርፌ ውሃ አሳየኝ፣ ያቺ ዱቄት መድሃኒት የሚበጠበጥባት ትንሽ ጠርሙስ። ጀሪካኑ ወለል ማጠቢያ ነው። ነገሩን ያወቀው አንብቦ ነው፣ በ2011 መጨረሻና በ2012 እ.ኤ.አ አሜሪካ ሮቸስተር ከተማ 19 ሰው ታቱው ላይ ለወራት የማይለቅ ሽፍታ ወጣበት፣ ሲመረመር ቀለሙ ገና ሲመረት የተሳሳው በተጣራ ውሃ ነው፣ የተጣራ ማለት ግን ከጀርም የጸዳ ማለት አይደለም፣ የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ ነበረበት። ሰሪው ንጹህ፣ መርፌው አዲስ፣ ችግሩ ውሃው። እኔ ይሄን ከሱ ነው የሰማሁት፣ ቤት ገብቼ አነበብኩት፣ እውነቱን ነው።

አንድ ሰአት ከሰራ በኋላ መብራት ሄደ። የጅማ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ማሽኑ ባትሪ አለው፣ መስራት ይችል ነበር። እኔም ጨርሶልኝ ልሂድ ብዬ "በስልክ መብራት ላብራልህ" አልኩት። እምቢ አለ። በደንብ ካላየሁ መርፌው ከሚገባው በላይ ይጠልቃል፣ ቀለሙ ይፈሳል፣ ቁስሉ ይከፋል፣ አለ። ክንዴን በንጹህ ነገር ሸፈነልኝ፣ ጓንቱን አወለቀ፣ እና ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተቀምጠን ስለ ኳስ አወራን። መብራት ሲመጣ እጁን እንደገና ታጠበ፣ አዲስ ጓንት። እኔ ቆጥሬያለሁ፣ በአጠቃላይ ስድስት ጥንድ ጓንት ቀይሯል። ስልኩ ሁለቴ ጮኸ፣ ሁለቴም አላነሳም።

ሲጨርስ መርፌዎቹን ቢጫዋ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ከተታቸው፣ ጤና ጣቢያ የምናያት የካርቶን ሳጥን። ስትሞላ የሚያውቀው ክሊኒክ ወስዶ ከነሱ ጋር እንደሚያስቃጥላት ነገረኝ። በፌስታል አድርጎ መንገድ ላይ ቢጥለውስ? ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ናቸው እጃቸውን የሚያስገቡት።

ለእማዬ ይሄን ሁሉ ስነግራት አንገቷን ነካች። እማዬ ጎጃም ነው ያደገችው፣ አንገቷ ላይ ሶስት ዙር ንቅሳት አለ፣ ድዷም ተነቅሷል። አስራ አንድ አመቷ እያለ ነው፣ ሰባት ሴት ልጆች በአንድ ቀን፣ በአንድ ታስሮ የተያያዘ መርፌ፣ የምጣድ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ተለውሶ። መርፌው ከአንዷ ወደ አንዷ ሲሄድ በቀሚስ ጫፍ ይጠረግ ነበር አለችኝ። "እኛ መች አወቅን ልጄ፣ ያማረብን ነው የመሰለን" አለች። አምሮባታልም፣ እኔ የእማዬን አንገት እንደሚያምር ነገር ነው ሳይ ያደግኩት። እነሱ የሚነግራቸው አልነበረም። እኛ አለን፣ ፋርማሲው በየመንገዱ ነው፣ የታሸገ መርፌ ይገዛል፣ ስለዚህ ያንን ነገር ዛሬ በማሽን አድርጎ የሚደግመውን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ለኔ ከባድ ነው።

አሁን ያልወደድኩትን ልናገር፣ ምክንያቱም ፍጹም ቤት አይደለም። አንደኛ ከታቱ በኋላ እንዴት እንደምንከባከበው በአፉ ነው የነገረኝ፣ ተነስቼ ስሄድ ግማሹን ረስቼዋለሁ፣ ሁለቴ ደውዬ ጠየቅኩት፣ አንድ ወረቀት አማርኛና ኦሮምኛ አድርጎ ቢያትም ስንት ሰው ይጠቅማል። ሁለተኛ ማሽኑ ላይ ያለው የብረት መያዣ የሚጣል አይደለም፣ በየደንበኛው ይታጠባል ይጠቀለላል ግን አውቶክሌቭ የለውም። አውቶክሌቭ ማለት ሆስፒታል እቃ የሚቀቅሉበት በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ የሚያቆይ ማሽን ነው፣ ድስት ላይ ማፍላት ወይም አልኮል መጥረግ እሱን አይተካም፣ የአንዳንድ ጀርም ዘር የፈላ ውሃን ይቋቋማል። እሱ "መርፌውና የመርፌው ቤት ስለሚጣል፣ መያዣው ደሞ ስለሚጠቀለል ደም አይነካውም" አለኝ፣ ካርትሪጁ ውስጥም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትከለክል ስስ ጎማ አለች፣ እሱን አሳይቶኛል። ገባኝ፣ ግን የሚጣል መያዣም አለ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም እኔ እከፍላለሁ፣ ይሄን በግልጽ ነግሬዋለሁ፣ "አስመጣለሁ" ብሏል። ሶስተኛ ደሞ መታጠቢያው ኮሪደር ላይ ነው፣ እጁን ታጥቦ በር እጀታ እየነካ ይመለሳል። ጓንቱን ከዛ በኋላ ነው የሚያደርገው፣ ቢሆንም ደስ አላለኝም።

እንክብካቤው እንዲህ ነበር። ማታ እጄን በደንብ ታጥቤ ሽፋኑን አነሳሁ፣ ሽታ በሌለው ሳሙናና ንጹህ ውሃ በመዳፌ ብቻ አጠብኩት፣ በፎጣ ሳይሆን በሶፍት ነካ ነካ አድርጌ አደረቅኩ፣ ቅባት በጣም ስስ አድርጌ። በቀን ሁለቴ እንደዛ፣ ውሃ በጠፋበት ቀን አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት። ጎረቤታችን ያሉ እናት አይተውኝ ወዲያው "የተፈጨ ቡና ጠቅ አድርግበት ልጄ፣ ያደርቀዋል" አሉኝ፣ በፍቅር ነው፣ እጃቸው ላይ ይዘውት መጥተዋል። በትህትና እንቢ አልኳቸው። ጅማ ላይ ቡና ለሁሉም መድሃኒት ነው፣ ግን መሬት ላይ የተሰጣ ቡና አፈር ሊኖርበት ይችላል፣ አፈር ውስጥ ደሞ የቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ጀርም አለ፣ ክፍት ቁስል ላይ አይደረግም። የገበያ ማርም እንደዛው። ቅርፊቱ በሳምንቱ መነሳት ሲጀምር በጣም አሳከከኝ፣ አላከክኩትም፣ እጄን መታ መታ እያደረግኩ አሳለፍኩ። ወንዝ ዋና የለም፣ ጸሃይ ላይ እጅጌ ረዘም ያለ ሸሚዝ። በአራተኛው ሳምንት ቆዳው ለስልሷል። ትንሽ መቅላትና ማበጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ቀን ያለ ነው፣ ግን ከዛ በኋላ እየቀነሰ ካልሄደ፣ ሙቀቱ ከጨመረ፣ መግል ወይ ትኩሳት ከመጣ ታቱ ሰሪው ጋ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ነው መሄድ ያለባችሁ፣ እንደኔ አምስተኛ ቀን አትጠብቁ።

አንድ ነገር ደሞ፣ መርፌ ፈርታችሁ "ሂና ይሻለኛል" የምትሉ ልጆች፣ ሂናው ራሱ ጥሩ ነው፣ የአረፋ ሰሞን መንደሩ ሁሉ ይቀባል፣ ግን ንጹህ ሂና ጥቁር አይደለም። ቡናማ ወይ ብርቱካንማ ነው የሚሆነው፣ ለመያዝም ሰአታት ይወስዳል። በሃያ ደቂቃ ድፍን ጥቁር የሚሆነው የጸጉር ቀለም የተደባለቀበት ነው፣ ውስጡ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ፣ ቆዳ ያቃጥላል። የጎረቤታችን ልጅ ለሰርግ ተቀብታ በአራተኛው ቀን አበባው እንዳለ ቅርጹን ይዞ ውሃ ቋጠረ፣ ምልክቱ እስከዛሬ እጇ ላይ አለ።

ለቤቱ ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ። የቀነስኳት አንዷ ለዛ መያዣና ለወረቀቱ ናት፣ ሲያስተካክል መጥቼ እጨምራለሁ። መሄድ የምትፈልጉ ጠዋት ያዙ፣ ከሰአት በኋላ መብራትም አይታመንም እሱም ይደክመዋል፣ በቀን ከሁለት ሰው በላይ አይሰራም፣ እኔ ሁለት ሳምንት ተኩል ጠብቄያለሁ። ከ18 አመት በታች መታወቂያ ጠይቆ ይመልሳል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይ የምታጠቡ ከሆነ ቆዩ ነው የሚላችሁ። ደም የምትለግሱ ከሆናችሁ ደሞ ከመነቀሳችሁ በፊት ለግሱ፣ ከዛ በኋላ ለወራት አይቀበሏችሁም። ስትገቡ ጠይቁት፣ መርፌውን አሳየኝ፣ ቀኑን አሳየኝ፣ ውሃው ከየት ነው በሉት፣ አይቆጣም፣ እንዲያውም ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ነው የሚያሳያችሁ።